ለሰደፉ ልብስ፣ ለሰፊው ስድብ

ጠመንጃ ተኩሶ የማያውቅ ሰው ስለ ጠመንጃ ልብስ ሊጽፍ ሲነሳ «ምን አገባህ?» መባሉ አይቀርም። ይባል። እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በዚች አገር መሣሪያ ያደረገውን አይተን ስናበቃ ስለ ሰደፍ ጌጥ ማውራት ቅንጦት እንደሚመስል አላጣሁትም። ግን የምጽፈው ስለ ጠመንጃው አይደለም፤ ጠመንጃውን ስለሚያለብሰው ሰው ነው። በእሱ ጉዳይ «አያገባኝም» ስንል የኖርነው ደግሞ ሁላችንም ነን።

ነገሩ የሆነው በ2010 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ከመንዝ በሰው እጅ አንድ ጥቅል ላኩልኝ። ስፈታው የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ በከሰል የጠመንጃ ሰደፍ ተነድፏል። ከጎኑም በአጎቴ ልጅ የእጅ ጽሑፍ «ለአባባ መሣሪያ ጥሩ የቆዳ ልብስ አሠርተህ ላክ። ዋጋው አያሳስብህ። ለተዝካሩ ይድረስ» የሚል ሰፍሮበታል።

«አባባ» የተባሉት አያቴ ናቸው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከራስ አበበ አረጋይ ጋር በሸዋ ተራራና ገደል ከተንከራተቱት አርበኞች አንዱ ነበሩ። በ2003 ዓ.ም. መቶ ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው አረፉ። ጠመንጃቸው ቤልጂግ ነው፤ ከወረራው በፊት መንግሥት ከቤልጂየም ካስመጣቸው ማውዘሮች አንዱ። በአጎቴ ስም ተመዝግቦ ከግድግዳ ተሰቅሎ ይኖራል። ለሰባተኛው ዓመት ተዝካር ወርዶ፣ ተወልውሎ፣ አዲስ ልብስ ለብሶ በሰው ፊት እንዲታይ ተፈልጓል። እኔም በዚያን ጊዜ ዲፕሎማዬን ይዤ በየመጽሔቱ ደጅ እንከራተት ስለነበር ከአርበኛው የልጅ ልጅነት ባላንስም (መንከራተቱን ማለቴ ነው) ጊዜው ነበረኝ። ወረቀቱን በብብቴ ሸጉጬ ወደ መርካቶ ወረድሁ።

የመጀመሪያው ባለሱቅ ያቀረበልኝ የወታደር ልብስ ቀለም ያለው፣ በላስቲክ የሚሳብ የናይለን ከረጢት ነበር። «ለሁሉም ይሆናል» አለኝ። ለሁሉም የሚሆን ነገር ለማንም ልክ እንደማይሆን ጫማ የነከሰው ሁሉ ያውቃል። ሁለተኛው ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ በወርቃማ ክር አንበሳ የተጠለፈበት አወጣልኝ። «ኦሪጅናል ቆዳ ነው!» ጫፉን ገልበጥ ባደርገው ከሥሩ ነጭ ጨርቅ ብቅ አለ። ሬክሲን ነው። እውነተኛ ቆዳ ጫፉ ሲታይ ጨርቅ የለውም፤ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ጭረት ነው። በጥፍር ሲጫኑት ይጨማደዳል፤ ቀለም ካልተደፈነበትም ውኃ ጠብ ሲያደርጉበት ቀስ ብሎ ይጠጣል። እዚህኛው ላይ ውኃው ተንከባሎ ወረደ። ባለሱቁ ግን አላፈረም፤ «የባህል ምግብ ቤቶች የሚወስዱት ይኸንኑ ነው» አለኝ። ይህችን ቃል አንባቢ ይያዝልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ሦስተኛው ሱቅ አልነበረም። ከአንድ ግንብ ጥግ የላስቲክ ዳስ ወጥረው ኮርቻና ቦርሳ፣ የውሻ ማሰሪያም የሚጠግኑ አዛውንት ነበሩ። ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ፀሐይ ዘረጉት፤ ከዚያ በአውራ ጣታቸው አንዲት ቀጭን መስመር አሳዩኝ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ከሰሉ አምልጦ ይሆናል፣ አባባ።»

«የለም። ሠዓሊው እውነተኛ ነው። እንጨቱ ተሰንጥቋል።»

ከዚያ በኋላ ለግማሽ ቀን ያህል ከአጠገባቸው ባለች ዱካ ተቀምጬ የተማርሁትን በየትም ትምህርት ቤት አልተማርሁትም። እንዲህ ነው። ሰደፍ የሚሰነጠቀው አንገቱ ላይ፣ ማለት እጅ በሚጨብጥበት በቀጭኑ ቦታ ነው። ስንጥቁ ላይ የለፋ ቆዳ ቢያለብሱበት ነውርን መሸፈን እንጂ ማዳን አይደለም። የሚያድነው ጥሬ ጠፍር ነው። ያልለፋው ቆዳ ተፍቆ፣ ተነክሮ፣ እርጥቡን ጠበቅ ተደርጎ ይጠመጠማል። ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብ ስንጥቁን እንደ ብረት ቀለበት ይይዘዋል። ልብሱ የሚመጣው ከዚያ በላይ ነው።

ለልብሱ ደግሞ ሁሉም ቆዳ አይሆንም። የደጋችን በግ ቆዳ በውጭ አገር ለጓንት የሚፈለግ ስስና ለስላሳ ነው፤ ስፌት ሲወጠርበት ግን ይተረተራል። የሚሻለው የከብት ነው፤ ከከብቱም የጀርባው። የሆዱ ይለጠጣል፣ የአንገቱ ይሸበሸባል። ውፍረቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ይበቃል። የቀንበር ጠባሳ፣ የመዥገር ንክሻ፣ የአራጅ ቢላዋ ጭረት የሌለበት ጀርባ ማግኘት በአገራችን ራሱን የቻለ ሎተሪ ነው። ከፋብሪካ የሚወጣው በክሮም ጨው የለፋ ነው፤ ቶሎ ይደርሳል፣ ይለሰልሳል፣ ቅርጽ ግን አይዝም። በዛፍ ልጣጭ የለፋው ብዙ ቀን ይፈጃል፤ ነገር ግን ርሶ በእንጨቱ ላይ ሲወጠር የእንጨቱን ገላ ይዞ ይቀራል። ቀንጠፋ ካገኘ ደግሞ ያ የድሮው መጽሐፍ ገበታ የሚለብሰው ቀይ ቀለም ይወጣለታል።

ሙጫ የለም፣ ምስማር የለም። ከሥር በቀጭን ጠፍር ተሸንቁሮ እንደ ጫማ ይታሰራል። መፈታት አለበትና። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ የማይፈታ ልብስ የለበሰ እንጨት በክረምት ያብጣል፣ ቆዳ የነካው ብረት ይዝጋል። በቆዳ ዝናር ውስጥ ዓመት የከረመ ጥይት ናሱ ለምን አረንጓዴ እንደሚሆን የአርበኛ ልጆች ሁሉ አይተውታል። ጉንጭ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጥቂት ሱፍ አስገብቶ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ብዙ ከፍ ካለ ግን የቤልጂጉ መቀርቀሪያ ወደ ኋላ ሲሳብ ከልብሱ ጋር ይጋጫል፣ ጠመንጃው ለጽዳት እንኳ አይፈታም። (ይህ የአዛውንት ተረት የሚመስለው ካለ፣ የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1944 በተቀበለው ኤም ዋን ሲ በተባለ የአልሞ ተኳሽ ጠመንጃ ላይ መነጽሩ ወደ ግራ ተገፍቶ ስለተተከለ፣ የተኳሹን ጉንጭ የሚደግፍ በማሰሪያ የሚታሰር የቆዳ ትራስ ሰደፉ ላይ ይደረግ እንደነበር ይወቅ። ያን ያህል ፋብሪካ ያለው አገር ለዚህች ነገር የሄደው ወደ ቆዳ ነው።)

«ወረቀት ጎን ያሳያል እንጂ ውፍረት አያሳይም» አሉኝ በመጨረሻ። «ጠመንጃውን ያልጨበጠ ሰው ልክ አይሰፋለትም። ከየት ነው?»

«ከመንዝ።»

ሳቁ። «መንዝ ሰፊ ጠፍቶ ነው?»

«አልጠፋም ይሆናል አባባ። አጎቴ የከተማ ይሻላል ብለው ነው።»

«ሰፊውስ አልጠፋም። የጠፋው ደጁ የሚሄድ እግር ነው።»

ከሦስት ቀን በኋላ መንዝ ነበርሁ። አጎቴ ባዶ እጄን መምጣቴን ሲያዩ ቅር አላቸው። ነገሩን ሳስረዳቸው፣ «እዚህ ማን አለና? ከዚያ ከወንዙ ማዶ ካለው ፋቂ በቀር» አሉኝ። ልብ በሉ፤ «ማንም የለም» እና «ፋቂ አለ» በአንድ ትንፋሽ የተባሉ ናቸው። ጠመንጃውን አወረድነው። ላዩ ላይ የነበረው አሮጌ ልብስ ጠቁሮ፣ ጫፍ ጫፉ ተበልቶ፣ ስፌቱ ግን አንድም ቦታ አልተፈታም። «ይኸን ማን ሰፋው?» ብዬ ጠየቅሁ። «የድሮ ሰው» ተባልሁ።

ማዶ ያሉት ሽማግሌ ቤት ለመድረስ ግማሽ ሰዓት አልፈጀብንም፤ መሣሪያውን የያዘው የአጎቴ ልጅ ነበር። ሽማግሌው ከደጃቸው ሲያዩን ተነሥተው «ኑ ጌቶቼ» አሉን። ዕድሜያቸው ከአጎቴ ይበልጣል። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የአጎቴ ልጅ ግን «አንተ፣ ይኸን ትችላለህ?» ብሎ ጀመረ። በአማርኛችን ሰውን ከፍና ዝቅ ለማድረግ ዱላ አያስፈልግም፤ አንዲት «አንተ» ትበቃለች። ያ ልጅ ባለጌ አይደለም። ለአውቶቡስ ረዳት እንኳ «እርስዎ» ሲል ሰምቼዋለሁ። ለእኒህ ሰው «አንተ» ማለትን ግን ያስተማረው ቤቱ ነው፤ የእናቴ ቤት፣ የእኔም ቤት።

ሽማግሌው ጠመንጃውን አልተመለከቱም። አሮጌውን ልብስ ነው የተመለከቱት። በአውራ ጣታቸው ስፌቱን ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት፤ ደግመው ዳሰሱት። «የአባቴ ወስፌ ነው» አሉ። እንዴት እንዳወቁ ስጠይቃቸው ቀዳዳዎቹን አሳዩኝ፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ያዘነብላሉ። አባታቸው ግራኝ ነበሩ። እንግዲህ «የድሮ ሰው» የተባሉት እኒያ ናቸው። አያቴ ለጠመንጃቸው ልብስ የመረጡት፣ ሳይታክቱ ወንዝ ተሻግረው የሄዱት፣ ወደ እኒያ ሰው ነበር። አያቴ ስማቸውን ያውቁት ይሆናል፤ በአጎቴ ዘመን ግን ስሙ ጠፍቶ ስድቡ ብቻ ቀርቷል።

ሥራው አራት ቀን ፈጀ። ስንጥቁ በጥሬ ጠፍር ተያዘ። አዲሱ ልብስ ከጀርባ ቆዳ ተቆርጦ በቀንጠፋ ቀላ። ጌጡ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ነበር፤ አንበሳ የለም፣ ወርቃማ ክር የለም። በተዝካሩ ቀን ሽማግሌው ራሳቸው አደረሱት። ያደረሱትን ከእጃቸው ተቀብሎ ወደ ዳሱ ያስገባው እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስጽፍ ፊቴ ይሞቃል። ጠመንጃው በዳሱ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሽማግሎች ሰደፉን እየዳበሱ «እንዴት ያለ ሥራ ነው!» አሉ፤ አንዱ ጉንጩን አስደግፎ ልኩን ሞከረው። ሠሪው የት ነበሩ? ከአጥሩ ሥር። ምግባቸው ለብቻው በቀረበ ጎደሎ ሣህን፣ ጠላቸው ለብቻው በተቀመጠ የቆርቆሮ ጣሳ ተሰጣቸው፤ ያ ጣሳ ዓመቱን ሙሉ ከዕቃ ቤቱ ጥግ እንደሚቀመጥና ሌላ ሰው እንደማይጠጣበት የነገረችኝ የአጎቴ ሚስት ነች፤ ነውር መሆኑም አልታያት። አራት ቀን ሙሉ እጃቸው ያሸውን ሰደፍ ጉንጫችን ላይ እናደርጋለን፤ እጃቸው የነካውን ዋንጫ ግን አንነካም!

ዙሪያዬን ተመለከትሁ። ቄሱ የተቀመጡበት አልጋ በጠፍር የተጠለፈ ነው። ከሩቅ የመጡት ዘመዶች ስንቃቸውን ያመጡበት አገልግል ቆዳ የለበሰ ነው። መጽሐፉ የመጣው በቆዳ ማኅደር ተንጠልጥሎ ነው። ከበሮው ቆዳ ነው። ያ ሁሉ ሰው ቆዳ ላይ ተቀምጦ፣ ከቆዳ አውጥቶ እየበላ፣ ቆዳ እየመታ ለነፍስ ይማር ሲል የቆዳው ጌታ አጥር ሥር ነው። እኔስ? እኔ ዳሱ ውስጥ ቅልጥም እግጥ ነበር። ተነሥቼ አጠገባቸው አልተቀመጥሁም። ስወጣ ሄደዋል።

እዚህ ላይ የከተማ አንባቢዬ «ይህ የገጠር ኋላ ቀርነት ነው፤ እኛ ዘንድ የለም» ሊለኝ ይችላል። ቆይ እንጂ። በአዲስ አበባ ልጅህን ለመዳር ሽማግሌ ሲላክብህ መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ልጁ ዲግሪ ነው ወይስ ስለ ዘሩ? «ዘሩ ምንድን ነው?» ስትል የምትፈራው ምኑን ነው? ሁላችንም እናውቀዋለን። ጠይብ የምንለው ስድብ ከጠቢብ ጋር አንድ ዘር ያለው ቃል ነው ይባላል፤ ሰሎሞንን ያከበርንበትን ስም አንጥረኛውን ለማዋረድ አዋልነው። ፋቂ ማለትም የሚፍቅ ማለት ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። የሚፍቅን ሰው በመፋቁ የሚሰድብ ሕዝብ ጥርሱን በመፋቂያ ሲፍቅ እንዴት አያፍርም?

ወደዚያች «የባህል ምግብ ቤት» ቃል ልመለስ። እነዚያን ቤቶች አንባቢ ያውቃቸዋል፤ እኔም እገባባቸዋለሁ። ግድግዳው ላይ ጋሻ፣ ጎራዴ፣ ዝናር፣ አሮጌ ጠመንጃ። ጠመንጃው የሬክሲን ልብስ ለብሷል፤ በላዩ አንበሳ። ይህ ባህል ከሆነ ባህሉ የማን ነው? ዝናሩን የፈለሰፈው፣ ጋሻውን ያበጀው፣ አገልግሉን ያለበሰው ሰው ቢመጣ በበሩ ያስገቡታል፤ ዘሩን አውቀው አብረውት መሶብ የሚቀርቡ ግን ስንቶቹ ናቸው? የእጁን ሥራ ከግድግዳ ሰቅለን እጁን ከማዕዳችን አራቅን፤ አሁን ደግሞ እርካሽ ስለሆነ የእጁንም ሥራ አውርደን ፕላስቲክ ሰቀልን።

ስለ አድዋ ማውራት የምንወድ ሕዝብ ነንና በአድዋ እንነጋገር። በ1888 ዓ.ም. የዘመተው ጦር ጠመንጃው ከፈረንሳይ፣ ከሩሲያ፣ ከራሷ ከጣሊያንም ሳይቀር የመጣ ነበር። ጠመንጃውን ውጭ ሠራው እንበል። ማንገቻውን ማን ሠራው? ዝናሩን? ኮርቻውን፣ ልጓሙን? ወራት ተጉዞ ያልፈሰሰውን ስንቅ የያዘው ስልቻ ከየት መጣ? የፈረንሳይ ፋብሪካ ስልቻ አልላከልንም። ያ ሁሉ ሠራዊት የተሸከመውን የተሸከመው በፋቂ እጅ ሥራ ነው። ለጀግናው ስንፎክር ስለ አባ እንትና ፈረስ እናነሳለን፤ የፈረሱን ኮርቻ የሰፋውን ያነሳ ፎካሪ አላጋጠመኝም።

አፄ ምኒልክ ይህ ገብቷቸዋል። በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር፣ ተሳዳቢውም እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን በየስድቡ እየጠቀሰ የሚከለክል አዋጅ ነው። ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን የንጉሡን ሥዕል ያለበት ካናቴራ የምንለብስ ሰዎች አንዱን ትእዛዛቸውን እንኳ አላከበርንላቸውም። አዋጁ ለምን አልሠራም? እኔ እንደሚመስለኝ ስድቡ ከአፍ ብቻ ስላልነበረ ነው። ስድቡ መሬት ላይ ነበር። የእጅ ሙያተኛ በአብዛኛው ርስት የለውም፤ ርስት ስለሌለው ይፍቃል፤ ስለሚፍቅ ርስት አይገባውም። ይህን ቀለበት የሰበረው የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ነው። በደርግ ላይ የሚባለው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ፋቂውን ከጌታው እኩል ባለ መሬት እንዲሆን የፈቀደለት ሕግ ያ መሆኑን መካድ አይቻልም። ጣሳው ግን ከዕቃ ቤቱ ጥግ አልተነሣም።

«ጊዜው ሲደርስ ይለቃል» የሚሉ አሉ። ሙያውም እስኪለቅ ነው የምንጠብቀው? ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በበዓል ማግስት የበግ ቆዳ ገዢ አጥቶ በየመንገዱ ዳር ሲጣል ያላየ አዲስ አበቤ የለም። ልጅ ሆነን «ቆዳ! ቆዳ!» እያለ የሚጮኸውን ሰው ለመቅደም እንሯሯጥ ነበር፤ ከቆዳው የምትገኘው ብር የበዓሉን ወጪ ትደግፍ ነበር። ዛሬ ቆዳው ይሸታል ተብሎ ይጣላል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የፋብሪካ ጣጣ አለ፣ የዓለም ገበያ አለ፣ እከክ የበላው ቆዳ ዋጋ ማጣቱም አለ፤ በእነዚህ ላይ ባለሙያ ይናገር። እኔ የምለው አንድ ነው። አምስት ኪሎ የማይሞላ ጥሬ ነገር ወደ ከበረ ዕቃ የሚለውጠውን እጅ ለትውልዶች ስንሰድብ ኖረን፣ ልጁ የአባቱን ወስፌ ጥሎ ሲሸሽ፣ ቆዳው መንገድ ዳር ቢጣል ምን ይደንቃል?

በአሜሪካ ምዕራብ፣ በነቴክሳስና በነሞንታና፣ የጠመንጃ ልብስና ኮርቻ በትእዛዝ የሚሰፉ ሰዎች አሉ። ደንበኛው ወራት ወረፋ ይጠብቃል። ሰፊው ሥራውን ሲጨርስ ስሙንና ከተማውን ቆዳው ላይ ያትማል፤ ማኅተሙ ያለበት አሮጌ ዕቃ ዋጋው ከሌላው ይበልጣል። እዚያም ሰው ሰውን በሌላ ነገር ይንቃል፤ አገሩን ገነት ነው አላልሁም። ነገር ግን እዚያ ስም ዋጋ የሚጨምር ሲሆን እዚህ ዋጋ የሚያሳጣ ነው። የግራኙን ሰፊ ማኅተም ያነበበው ልጃቸው ብቻ ነው፤ ያዘነበለ ቀዳዳ።

አንባቢ «ታዲያ አንተስ የሽማግሌውን ስም ለምን አትጽፍም?» ቢለኝ ልክ ነው። ልጽፍ ነበር። ከተዝካሩ ማግስት ይቅርታ ልጠይቅ ወንዙን ተሻግሬ ሄጄ፣ ስለ ሥራቸው እንድጽፍ እንዲፈቅዱልኝ ለመንኋቸው። ጥቂት አሰቡና እንዲህ አሉኝ፦ «ሥራውን ጻፍ። ስሜን ግን ተወው። ሁለት ልጆች አዲስ አበባ አሉኝ፤ አንዷ አግብታለች። የባሏ ሰዎች ገበሬ ነው ብለው ነው የሚያውቁኝ።»

መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም። ያቺ ልጅ ምናልባት ይህን መጽሔት ታነባለች፤ ምናልባትም ባሏ ከአጠገቧ ተቀምጦ ያነብላታል።

ስለዚህ የጠመንጃ ልብስ የምታሠሩ፣ ኮርቻ የምታሳድሱ፣ ለሳሎናችሁ ጌጥ አገልግል የምትገዙ ሁሉ፣ ቆዳውን በጥፍራችሁ እንደምትፈትኑ ራሳችሁንም ፈትኑ። ልክ ለማስያዝ ሰፊው ደጅ ሂዱ እንጂ ወረቀት አትላኩ። ዋጋ ሲነግሯችሁ በሱቅ ለሬክሲን የማትከራከሩትን ያህል አትከራከሩ። «እርስዎ» በሉ። ሲያደርሱላችሁ ከዳሱ አስገቧቸው፤ ዋንጫውን ስጧቸው። ይህን ማድረግ የማትችሉ ከሆነ ናይለኑን ግዙ። ናይለን አይሰደብም፤ ሠሪውም አጥር ሥር አይቀመጥም።

አጎቴ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ስልክ ደወሉልኝ። ጠመንጃው ደህና ነው፤ ስንጥቁ አልተመለሰም፤ ያየው ሁሉ ያደንቃል። ከዚያ ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«ያ ሰውዬ ዝናሩንም እንዲያድስልኝ ንገርልኝ እስቲ። አንተን ይሰማሃል።»

«እኔ እኮ አዲስ አበባ ነኝ፣ ጋሼ። ቤታቸው ከእርስዎ ቤት ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ራስዎ ሄደው ይንገሯቸው።»

ስልኩ ጥቂት ዝም አለ። «ይንገሯቸው» የምትለዋን ቃል የሰሟት ይመስለኛል።

«ለመሆኑ» አሉ በመጨረሻ፣ «እዚያ ጤፍ ስንት ገባ?»